የኋላ ወንበር ትንፋሽ

ከሁሉ አስቀድሞ ጋቢናው የኔ እንደነበር ይታወቅልኝ። ይህን ሳልናገር ብጀምር የታሪኩ ግማሽ አይገባችሁም፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ ክፉ ልጅ እመስላችኋለሁ። ክፉ አይደለሁም። ቀናተኛ ነኝ። ልዩነቱን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ታዩታላችሁ።

ነገሩ ሲሆን ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አሁን አሥራ አንደኛ ነኝ፤ መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ደግሞ ዘንድሮ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ሳልነግራችሁ አልለቃችሁም።

ቤታችን ካዛንቺስ ነው፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ። አባቴ ጌታቸው፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ ተሳቢ ነው የሚነዳው። ያን ጊዜ ለኔ አባት ማለት በር ሥር የሚቀመጥ አረንጓዴ የሸራ ቦርሳ ነበር። ቦርሳው ካለ አባዬ አለ። ቦርሳው ከሌለ መቼ እንደሚመለስ እማዬ ራሷም አታውቅም። በኋላ ግን ያጠራቀመውን አውጥቶ፣ ከአገር ከሚወጣ ሰው ላይ አንዲት ያገለገለች ሃይብሪድ መኪና ገዛ። በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ፣ ስትነሣ ኮሽ የማትል ናት። እንዲህ ዓይነቷ መኪና ያኔ ብርቅ ነበረች፤ የሰፈር ልጆች ድምፅ ስለሌላት «ሌባዋ» ይሏታል። አባዬ የሆቴል እንግዶችን እያመላለሰባት መሥራት ጀመረ። ቦርሳው ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። አባዬ ማታ ማታ ቤት ያድር ጀመር። በቃ፣ አባት አገኘሁ።

አባት ያገኘሁት ደግሞ ጋቢና ላይ ነው። ጧት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ፣ ማታ ሲመልሰኝ፣ ከጎኑ ነኝ። እናቴ አስቴር እንኳ ከኛ ጋር ስትሄድ ኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ዕቃዋን አቅፋ። የእማዬ ሥራ ጥጥ ነው። ባዘቶ ታመጣለች፤ ባዘቶ ማለት ተነድፎ ለፈትል የተዘጋጀ ጥጥ ነው፣ እንደ ደመና የሚቀል። ቂርቆስና ካዛንቺስ ላሉ ፈታይ ሴቶች ታከፋፍላለች፣ ፈትሉን ትሰበስባለች፣ ለሸማኔ ትሰጣለች፣ ነጠላው ሲደርስ ትሸጣለች። ስለዚህ የመኪናችን የኋላ ወንበር ቀኝ ጎን ሁልጊዜ በባዘቶ ፌስታል የተሞላ ነበር።

ከዚያ ቲጂ መጣች።

ትዕግሥት የአባዬ እህት ልጅ ናት። መሰናዶ ልትማር ከኮምቦልቻ መጣችና እኛ ቤት ገባች። ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰው የሚወዳት ዓይነት። መኪና ያዞራታል። አውቶቡስ ተራ ልንቀበላት ስንሄድ ሎሚ በእጇ ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ቆማ አገኘናት።

«ማሂዬ» አለኝ አባዬ፣ «ለዛሬ ኋላ ሁኚ። ጋቢና አየር አለው።»

«ይተዉ ጋሼ፣ እኔ ኋላ እሆናለሁ» አለች ቲጂ።

«ተይ ልጄ፣ ግቢ። መስኮቱን ክፈቺ።»

ሁለት ቃል እዩልኝ። አንደኛ «ለዛሬ»። ያቺ ዛሬ ሳታልቅ ክረምቱ አልቆ በጋ ገባ። ሁለተኛ «ልጄ»። እኔ ልጁ ለመሆን ስንት ዓመት የሸራ ቦርሳ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ እሷ አንድ ሎሚ ይዛ መጣችና ሆነች።

ከኋላ ሆኖ መቅናት ልዩ ነገር አለው፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያችኋል። ቆሎ ሲገዛ መጀመሪያ ለሷ ነው የሚሰጣት። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ ሱፉ ብቻ ቀርቷል። ስለማላውቃቸው የኮምቦልቻ ሰዎች እያወሩ ይሳሳቃሉ። እኔ አባዬን «አንተ» እለዋለሁ፤ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች፣ እሱም ሲባል ደስ ይለዋል፤ ትከሻው ሰፋ ሲል ከኋላ አየዋለሁ። በዚያ ላይ መኪናዋን ተማረቻት። ዳሽቦርዱ ላይ ባትሪው ሲሞላና ሲጎድል የሚያሳይ ምስል አለ። «ጋሼ፣ አሁን ቁልቁለት ስለሆነ እየሞላ ነው» ትለዋለች።

«አየሽ ማሂ? ቲጂ እኮ መኪናዋን አንብባ ጨረሰቻት» ይለኛል በስፖኪዮ። የሚታየኝ አንድ ቅንድቡ ብቻ ነው።

እኔም የማነበው አላጣሁም። ባዘቶው በሚቀመጥበት በቀኝ በኩል፣ ወንበሩ ዳር ግድግዳው ላይ፣ ስፒከር የሚመስል ሽንቁርቁር ያለ ቦታ ነበር። ስፒከር መስሎኝ ነበር፤ ግን ዘፈን አይወጣውም። ይልቅ ይስባል። የፌስታሉን ጆሮ ጥርቅም አድርጎ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ሳነሣው ተመልሶ ይለጠፋል፣ ልክ እንደሚጠባ ሕፃን። ፊት ያሉት ሲሳሳቁ እኔ ይህን አያለሁ። ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ግን መሳቡን እየተወ መጣ። በምትኩ ድምፅ ያሰማ ጀመር፤ ትኩስ ሾርባ እፍ እፍ እንደሚል ሰው። ዳገት ላይ ይብሳል። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ጠየቀኝ? ከፊት ያለው ወሬ የኮምቦልቻ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ሲመልሰን፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል፣ መንገዱ በቁፋሮ የተዘጋጋና በአቧራ የታፈነ ነበር። ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ ስንወጣ ድምፁ እፍ ማለቱን ትቶ መጮህ ጀመረ። ወዲያው ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። መኪናዋ ጉልበቷ ከዳትና ዳገቱ መሀል ቀጥ አለች።

ኋላችን ያለው ሚኒባስ ክላክሱን አጮኸ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ቻርጀር ላውስህ?» አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

አባዬ መሪውን እንደያዘ ነው። «ማሂ፣ ውረጂና ግፊ። ቲጂ፣ አንቺ ሁኚ፣ ያዞርሻል።»

ወረድኩ። ያ ረዳትና አንድ ሎተሪ አዟሪ አብረውኝ ገፉ። እስቲ አስቡት፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሼ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ፣ የክፍሌ ልጆች በታክሲ እያለፉ፣ ጋቢናዋን የቀማችኝን ልጅ ከነጋቢናዋ እገፋለሁ። ዳር ስንደርስ ቲጂ በጣቷ ወደ ዳሽቦርዱ እያሳየች «ጋሼ፣ ሃይብሪድ ሲስተሙን አስፈትሽ ነው የሚለው» አለችው።

«ጎበዝ» አላት። ላቤን እየጠረግሁ ነበር። እንግሊዝኛ እኔም አነባለሁ።

ጥላ ሥር ብዙ ቆየን። መኪናዋ ስትበርድ ምንም እንዳልሆነች ተነሥታ ቤት አደረሰችን። በማግሥቱ አርብ አባዬ ሥራ ሳይገባ ወሎ ሰፈር ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ማታ እራት ላይ ፊቱን አይቼ አወቅሁ።

«ባትሪው ሞቷል አሉኝ» አለ ለእማዬ። «በአዲስ ካልተቀየረ ዋጋ የላትም።»

«ስንት ነው?»

«አትጠይቂኝ አስቱ። በሱ ዋጋ ሌላ መኪና ይገዛል።»

«ታዲያ?»

«ለደላላ ነግሬያለሁ፤ ነገ ከምሳ በኋላ ገዢ ይዞ ይመጣል። እንዳለች ይወስዷታል።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። መኪና ከሌለ ጋቢና የለም። ሁላችንም ታክሲ ተሰልፈን፣ ሁላችንም ተገፍተን እኩል እንሆናለን። ጎመኑን ጎረስኩ፣ ጣፈጠኝ።

«ከዚያስ?» አለች እማዬ።

አባዬ እንጀራውን ጠቅልሎ ጠቅልሎ ሳይጎርሰው አስቀመጠው። «የድሮ አለቃዬ ጋ ደውያለሁ። ተሳቢው ሹፌር የለውም። ሰኞ ና ብሎኛል።»

ተነሣና ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቦርሳ አወረደ። የስንት ዓመት አቧራ ነበረበት። ጎመኑን ገፋ አደረግሁት።

«አምጡት ጋሼ፣ እኔ ላራግፈው» አለች ቲጂ፤ ተቀብላው ወደ ደጅ ወጣች። አያችሁ? ያንን ቦርሳ ስጠብቀው የኖርኩት እኔ ነኝ፤ አቧራውን እንኳ ለኔ አልተወችልኝም። ከደጅ እየመታች ስታራግፈው በያንዳንዱ ምት አባዬ አንድ ከተማ የሚርቅ መሰለኝ፤ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ድንበሩ ጋላፊ።

ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ» አለች፣ «አንድ ሌላ ሰው ቢያያት ምን አለበት? ላንቻ ሃይብሪድ የሚሞክር መካኒክ አለ። የክፍሌ ልጅ አባት እዚያ ነው ያሠራው።»

አባዬ ቦርሳውን አየ፣ እሷን አየ። «ጥሩ ብለሻል ልጄ። ጧት እንሂድ።»

ያን ለማለት እኔስ አፍ አልነበረኝም? አልነበረኝም። የላንቻውን ሰው አላውቀውማ።

ቅዳሜ ጧት አባዬ፣ ቲጂና እኔ ላንቻ ሄድን። መኪናዋን እንዳትሞቅ ቀስ እያለ ነዳት። መካኒኩ ሳሚ ይባላል፤ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ይሠራል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ አፉ ከእጁ የሚቀድም ሰው ነው።

«ሌላው መካኒክ ይቺን መኪና ሲያይ ይጸልያል» አለ፣ «እኔን ስታይ ግን የምትጸልየው እሷ ናት።»

ኮምፒዩተሩን ሰክቶ ትንሽ አነበበ። ጉራው እየቀነሰ ሄደ።

«ባትሪው ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው ጋሼ። ያረጀ ባትሪ ይሞቃል፣ የሞቀ ባትሪ ይሞታል። እዚያኞቹ አልዋሹዎትም።»

«ሌላ መላ የለውም?»

«ከተጋጨ መኪና የወጣ ላፈላልግልዎት እችላለሁ። እሱም የሌላ ሰው በሽታ ነው፤ ዛሬ ይሁን ነገ መቼ እንደሚሞት አይታወቅም። ገዢ ካለዎት ይሽጧት፤ ወንድምዎ ብሆን ይህንኑ ነው የምልዎት።»

አባዬ ስልኩን አውጥቶ አየ። ደላላው ደውሎ ነበር። ያ ቦርሳ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ በር ሥር ተቀምጦ።

«አሁን አይስብም» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት። «ግድግዳው። ፌስታል መሳቡን ትቷል።»

«ማሂ፣ ቆይ፣ እያወራን ነው» አለ አባዬ።

ያን ጊዜ ቲጂ ሎሚዋን እያሸተተች «ጋሼ፣ ትናገር» አለች። «እኛ ፊት ነን፣ ምንም አይሰማንም። ኋላ የምትቀመጠው እሷ ናት።»

ለመናገር እንኳ የሷ ፈቃድ አስፈለገኝ። ግን ቅናት በኋላ ይደርሳል ብዬ ተናገርኩ። ስለ ሽንቁርቁሩ ቦታ፣ ስለ ፌስታሉ ጆሮ፣ እንዴት ይለጠፍ እንደነበር፣ እንዴት እየደከመ እንደመጣ፣ እፍ ስለሚለው ድምፅ፣ ሐሙስ ዕለት ስለ ጮኸው። ስጨርስ ሳሚ ኮምፒዩተሩን ትቶ ወደ ኋላ ወንበሩ ዞረ።

«ፌስታል አለሽ?»

ከኋላ ወንበር የእማዬን ባዶ ፌስታል አምጥቼ ሰጠሁት።

«አይ፣ አንቺው ያዢው። እንደምትይዢው አድርጊ።»

እኔ ኋላ ገባሁና ፌስታሉን ሽንቁርቁሩ ላይ አደረግሁ። እሱ መኪናዋን አስነሥቶ በኮምፒዩተሩ የሆነ ነገር አዘዘ። እፍፍ የሚለው ድምፅ መጣ፣ አደገ፣ ጮኸ። ፌስታሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ኦ» አለ ሳሚ። አጠፋት። «ጋሼ፣ ስፒከር አይደለም ይሄ። የባትሪው አፍንጫ ነው። ባትሪው ከዚህ ወንበር ጀርባ ነው ያለው፤ ቀዝቃዛ አየር የሚስብበት ፋን አለው። ፋኑ ይዞራል፣ አየር ግን አያገኝም። ታፍኗል። ምን እንዳፈነው አላውቅም፤ እንክፈተውና እንየው።»

«ስንት ትጠይቀኛለህ?» አለ አባዬ።

«ለመክፈትና ለመጥረግ? ለባትሪ ከሚያወጡት ጋር አይወዳደርም። ካልሠራ ደግሞ የሻይ ብቻ።»

ወንበሩን አነሣ። የጎማ ጓንት አጠለቀና ሁላችንንም ወደዚያ አባረረን፤ «ይቺ ብርቱካናማ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀልድ አታውቅም።» አንድ መሰኪያ ነቀለ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ በካቻቢቴ መፍታት ጀመረ። የአባዬ ስልክ ጮኸ። ደላላው ነው። «ገዢውን ይዤ ልነሣ ነው» ሲለው እስከኛ ይሰማል። አባዬ «እሺ» አለና ዘጋው። እሺ ማለቱ አንጀቴን በላው።

ሳሚ ፋኑን አወጣው። ክብ ነገር ነው፣ የወፍጮ መንኮራኩር ይመስላል። ምላሶቹ አይታዩም። በነጭና በአመድማ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ ተሞልቷል፤ የበግ ጀርባ በሉት። ሳሚ በጣቱ ቆንጥሮ አወጣና ወደ ብርሃን አነሣው። ተሳበ፣ ተሳበ፣ አልበጠስም አለ።

«ጋሼ፣ መኪናዎ ፈትል ጀምራለች እንዴ?»

አባዬ ተጠግቶ ነካው። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሊያለቅስ ነው ስል ሳቅ ሆነ። «የአስቱ ባዘቶ ነው። አምላኬ፣ የአስቱ ባዘቶ ነው።»

ስትስብ የከረመችው እሱን ነው። በየቀኑ ከፌስታሉ የሚበነውን ጥጥ፣ ከካዛንቺስ አቧራ ጋር እየለወሰች፣ ጭራሽ እስክትታፈን።

በብሩሽና በኮምፕሬሰር ሲጠርገው ግቢው በረዶ የወረደበት መሰለ። ቲጂ አስነጠሳት። ሳሚ መልሶ ከገጠመ በኋላ ኮምፒዩተሩን አይቶ «እንግዲህ ልብ ይበሉ» አለ፤ «ባትሪዋ አርጅታለች። እኔ ወጣት አላደርጋትም። ሰው ስላረጀ ግን አፍንጫው አይደፈንበትም። ታፍና ይሁን ሞታ፣ አሁን ነው የሚለየው። ያው ዳገት ላይ ይውጡባት፣ በዚህ ፀሐይ። ቀዩ ከበራ ይሽጧት። ኋላ ደግሞ ድምፁን የሚያውቅ ሰው ይሁን።»

ቲጂ ያን ጊዜ ምን አደረገች መሰላችሁ? የጋቢናውን በር ከፈተችና ለኔ ያዘችልኝ። «ማሂ፣ ዛሬ አንቺ ግቢ። እኔ ኋላ ሆኜ አዳምጣለሁ፤ ሎሚ አለኝ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሩ ይታየኛል። ስንት ወር ያለምኩት ወንበር ነው። እስከዛሬ ቢሆን ሮጬ እገባ ነበር። ግን ሳሚ «ድምፁን የሚያውቅ» ብሏል፤ ቲጂ ደግሞ ድምፁን አታውቀውም፤ በዚያ ላይ ኋላ ሆና ዳገት ከወጣን የምትሰማው የገዛ ሆዷን ነው። ተሳስታ «ደህና ነው» ብትልስ? ወይ «መጥፎ ነው» ብትል? አባዬ ሰኞ ይሄዳል።

«ግቢ፣ አንቺው ግቢ» አልኳት። በጣፋጭ ድምፅ እንዳልሆነ አምናለሁ። ዞሬ ኋላ ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኝ በኩል፣ ባዘቶው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፤ ፌስታሌን ይዤ።

ከላንቻ ወጣን። መስቀል አደባባይ ስንደርስ መንገዱ ተጨናንቋል፤ ፀሐዩ ጣሪያው ላይ ተኝቷል። ዳገቱ ጀመረ። እፍ የሚለው መጣ። ፌስታሉን አስጠጋሁ። ከእጄ ነጥቆኝ ግድግዳው ላይ ጥርቅም አለ።

አባዬ እጁን ሰዶ ስፖኪዮውን አዞረ። እስከዚያ ድረስ ቲጂን ነበር በጎን የሚያየው፤ አሁን ስፖኪዮውን እኔ እስክገኝ ድረስ አዞረ። ሁለቱም ቅንድቦቹ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ መጡ።

«ማሂዬ፣ ምን ይላል?»

«ይስባል።»

ሐሙስ የቆምንበት ቦታ ላይ ደረስን። ፊታችን ያለው አውቶቡስ ቆመ፤ እኛም ቆምን። ቲጂ ዳሽቦርዱን ትኩር ብላ ታያለች። ማንም ስለ ኮምቦልቻ አያወራም።

«አሁንስ?»

«ይስባል።»

«ድምፁስ?»

«ዝቅ ያለ ነው። የተኛ ሰው ይመስላል።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እኛም። አባዬ ሆን ብሎ ነዳጁን ረገጠው። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፤ የፋኑን ድምፅ እንዳይጋርድብኝ በእጄ ደረቴን ያዝኩት። «አሁንስ ማሂ?» «ይስባል አባዬ።» «አሁንስ?» «ይስባል።» እንዲህ እየተጠያየቅን ዳገቱ አለቀ። ቀዩ አልበራም። ቲጂ ዞራ አየችኝና ሳቀች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። እኔም ሳላውቀው ሳቅሁላት፤ አመለጠኝ።

ደላላው ገዢውን ይዞ ደጃችን ቆሟል። አባዬ ከመኪና ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አትሸጥም» አለ።

«እንዴት አትሸጥም? ባትሪዋ ሞቷል ብለህ አልነበር?»

«አልሞተም። ትንፋሽ አጥሮት ነው።»

«የታክሲዬንና የፀሐዩን ዋጋ ማን ይከፍለኛል?» እያለ ደላላው ሄደ። ገዢው አንዴ ዞር ብሎ መኪናዋን አያት። እኔም አየሁት፣ በክፉ ዓይን።

እማዬ የሆነውን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በኔ ጥጥ?» አለች። አባዬ ሰኞ ለአለቃው ደውሎ እንደማይመጣ ነገረው። ሳሚ ደግሞ ሽንቁርቁሩ ላይ ከውስጥ በኩል የአጎበር ቁራጭ ወጥሮልን፣ በየጊዜው አውጥታችሁ አራግፉ ብሎናል። የምታራግፈው እኔ ነኝ። ለማንም አልሰጥም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ቲጂና እኔ እንደ እህትማማች ተዋደድን ብዬ እንድጨርስላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። በከፊል ነው። «ልጄ» ሲላት አሁንም እቀናለሁ። ቅናት እንደ ባዘቶ ነው መሰለኝ፤ ብታራግፉትም የሆነ ቦታ ይበናል። የተለወጠው ሌላ ነው። በፊት ኋላ መቀመጥ ከሰው በታች መሆን ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ያየሁትን እያየሁ፣ የሰማሁትን እየሰማሁ ዝም እል ነበር። ዝም ብል ኖሮ አባቴ ዛሬ ጋላፊ ላይ ነበር። አሁን ያየሁትን እናገራለሁ። ሳይጠይቁኝም። እንደምታዩት እጽፋለሁም።

ቲጂን ከጊዜ በኋላ ማዞሩ ተዋት። አንድ ቀን ጧት ቀድማ ወጥታ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

«ማሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጋቢና ግቢ። እኔ እዚህ እሆናለሁ፣ ይበቃኛል።»

«ውረጂ» አልኳት። «ያ የኔ ቦታ ነው።»

«እንዴ፣ ስትፈልጊው የከረምሽው ጋቢና አይደል?»

«ውረጂ ብያለሁ ቲጂ።»

አባዬ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቅ ነበር። «ተያት» አላት፣ «እዚያ እሷ ካልሆነች እኔም መኪናዋም አንተነፍስም።» ስፖኪዮውን ወደ ቦታዬ አዞረው። ገባሁና ከጎኔ ያለውን የእማዬን ባዘቶ ጠጋ አደረግሁት። ባዘቶው አሁን በፌስታል አይሄድም። በአረንጓዴው የሸራ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚሄደው፣ ዚፑ እስከ መጨረሻው ተዘግቶ። ቦርሳው ያን ቀንም ሄደ፣ ማታም ከአባዬ ጋር ተመለሰ።